የጉድጓድ መለኪያ በቀዝቃዛ ጠረጴዛ አይፈተንም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በመስከረም 2018 ዓ.ም. በሶማሌ ክልል የሚገኘው የካሉብ ጋዝ ፕሮጀክት የመጀመሪያ ምዕራፍ ከተመረቀ ወዲህ ስለ ጋዙ ብዙ ይወራል። የሚወራው ግን ስለ ማቀነባበሪያው፣ ስለ መንገዱና ስለ ውጭ ምንዛሪው ነው። ጉድጓዱ ውስጥ የሚወርደውን መለኪያ የሚያነሳው የለም። መለኪያው ከሰው ክንድ በማይወፍር የብረት ቱቦ ውስጥ የታሸገ አንድ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ ነው፤ ግፊትና ሙቀት ለክቶ ወደ ላይ ይልካል ወይም በማስታወሻው ይይዛል። ቦርዱ ከሞተ ጉድጓዱ ዓይኑ ጠፋ ማለት ነው። አውጥቶ ለመተካት ዕቃን በሽቦ የሚያወርድና የሚያወጣ የዋየርላይን መኪና ወይም የቁፋሮ ማማ (ሪግ) ይቆማል፤ የዚያ ቀን ወጪ ደግሞ ከመለኪያው ዋጋ በላይ ሊሆን ይችላል።

ጉዳዩ የሶማሌ ክልል ብቻ አይደለም። ከጅቡቲ የሚመጣው ዕቃ በዱከምና በገላን በኩል አድርጎ ነው አዲስ አበባ የሚደርሰው። ከቃሊቲ እስከ ዱከም ባለው መስመር የቁፋሮ ድርጅቶች ግቢ፣ መጋዘንና የጥገና ቤት ሞልቷል። መለኪያው ወደ በረሃ ከመውረዱ በፊት ተከፍቶ የሚታየው፣ ባትሪው የሚቀየረው፣ ኦሪንጉ (ቱቦውን የሚያሽገው የጎማ ቀለበት) የሚተካው እዚሁ ከከተማው ዳር ነው። እኛም ይህን የምንጽፈው በዚሁ ሥራ ላይ ያለን ባለሙያዎች ስለሆንን ነው። የምንለው አንድ ነገር ነው፦ በአካባቢያችን የጉድጓድ መለኪያ የሚፈተነው ጠረጴዛ ላይ፣ በ22 ዲግሪ፣ በመልቲሜትር ነው። መብራቱ ከበራ፣ ቁጥር ካሳየ «ደህና ነው» ተብሎ ይሸኛል። ይህ ፈተና አይባልም።

ከታች ምን እንደሚጠብቀው በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። ደለል ድንጋይ ባለባቸው አካባቢዎች ሙቀቱ በየኪሎ ሜትሩ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይጨምራል። ከምድር ወለል በ30 ዲግሪ ብንነሳ በ3,500 ሜትር ላይ ከ117 እስከ 135 ዲግሪ ያህል እናገኛለን። ግፊቱ በየ10 ሜትር ውሃ 1 ባር ያህል ነው፤ በዚሁ ጥልቀት 350 ባር ይሆናል። ጉድጓዱ ከውሃ አንድ ተኩል ጊዜ በሚከብድ የቁፋሮ ጭቃ ተሞልቶ ከሆነ ደግሞ 525 ባር ነው። እንግዲህ ሱቅ ላይ የሚሸጥ ተራ ቺፕ የተሠራው ከ0 እስከ 70 ዲግሪ ነው። የኢንዱስትሪ የሚባለው እስከ 85፣ የመኪናና የወታደር የሚባለው እስከ 125። ከዚያ በላይ ያለው ሌላ ዓለም ነው፤ የጉድጓድ ዕቃ አምራቾች 150፣ 175 እና 200 ብለው ይከፋፍሉታል።

ሙቀት ቺፕን የሚጎዳው በአንድ ጊዜ አቃጥሎ አይደለም። መጀመሪያ የሚመጣው የሚሾልክ ከረንት ነው። ዝግ መሆን የነበረበት ዳዮድ ወይም ትራንዚስተር ትንሽ ትንሽ ያሳልፋል፤ ይህም ሙቀቱ 10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር በግምት እጥፍ ይሆናል። ከ25 ወደ 175 ዲግሪ 15 እጥፋት አለ፤ በ25 ዲግሪ 1 ናኖ አምፔር የነበረው በ175 ዲግሪ ወደ 33 ማይክሮ አምፔር ደረሰ ማለት ነው። ከሴንሰር የሚመጣው ሲግናል ራሱ በማይክሮ አምፔር በሚቆጠርበት ቦታ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። መለኪያው አይሞትም፤ ይዋሻል። ከሞተ መለኪያ ደግሞ የሚዋሽ ይብሳል፤ በሐሰት ግፊት ላይ ቆሞ የሚወሰን ውሳኔ አለና።

ቀጥሎ እርጅናው ነው። ሙቀት እርጅናን ምን ያህል እንደሚያፋጥን በሚያሳየው በአሬኒየስ ስሌት አክቲቬሽን ኢነርጂውን (እርጅናው እንዲጀምር የሚያስፈልገውን ጉልበት) 0.7 ኤሌክትሮን ቮልት ብንይዝ፣ በ150 ዲግሪ የነበረ ዕቃ ወደ 175 ሲወጣ እርጅናው 3 ጊዜ ያህል ይፈጥናል። በ150 ዲግሪ 1,000 ሰዓት የሚሠራ ቦርድ በ175 ዲግሪ 340 ሰዓት አካባቢ ላይ ያበቃለታል። ስለዚህ በመለኪያው ገላ ላይ የተጻፈው «175» ብቻውን ግማሽ ወሬ ነው። ለስንት ሰዓት? እየለካ ነው ወይስ ጠፍቶ? በምን ያህል ትክክለኛነት? ሙቀቱን «ይችላል» እና በሙቀቱ «ይሠራል» የተለያዩ ቃላት ናቸው፤ ሻጩ ልዩነቱን አሳምሮ ያውቃል።

ከቺፑ ይልቅ ግን ቶሎ የሚሸነፈው በዙሪያው ያለው ነው። ሶልደሩን እንውሰድ። 63 በመቶ ቆርቆሮና 37 በመቶ እርሳስ ያለበት የለመድነው ሶልደር በ183 ዲግሪ ይቀልጣል። በ175 ዲግሪ ላይ ጠንካራ መስሎ ቢታይም ሊቀልጥ የቀረው 8 ዲግሪ ብቻ ስለሆነ ቦርዱ በተንቀጠቀጠ ቁጥር እንደ ሊጥ ይሳባል። እርሳስ የሌለው የዛሬው ሶልደር በ217 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚቀልጠው፤ ለ150 ይበቃል፣ ለ175 ግን እንጃ። ለዚያ የሚሆነው 93.5 በመቶ እርሳስ፣ 5 በመቶ ቆርቆሮ፣ 1.5 በመቶ ብር የያዘውና ከ296 ዲግሪ በላይ የሚቀልጠው ነው። እዚህ ላይ የተለመደው ጥፋት ምንድን ነው? ፋብሪካው በከፍተኛ ሶልደር የሠራውን ቦርድ ለጥገና ከፍቶ በሱቅ ሶልደር መንካት። ሁለቱ ሲቀላቀሉ የመቅለጫው ነጥብ ይወርዳል፤ ጠረጴዛ ላይ ያማረ ብየዳ ከታች ይለቃል። አሮጌውን በመምጠጫ ሽቦ ሙሉ በሙሉ ሳያነሱ አዲስ ማድረግ ክልክል ነው። ፍላክሱም (ለብየዳ የሚቀባው ማጣበቂያ አጋዥ) በአይሶፕሮፒል አልኮል መታጠብ አለበት፤ «አይታጠብም» ተብሎ የሚሸጠው ፍላክስ እንኳ በ150 ዲግሪ ሲቆይ ከረንት ማሳለፍና መዳብ መብላት ሊጀምር ይችላል።

ቦርዱ ራሱ ኤፍአር-4 ከሚባለው ከተለመደው የመስታወት ክርና ሙጫ የተሠራ ከሆነ በ135 ዲግሪ አካባቢ ይለሰልሳል። ከዚያ በኋላ በውፍረቱ በኩል የሚያብጠው ከበፊቱ በአራትና በአምስት እጥፍ ነው፤ በቀዳዳው ውስጥ ያለው መዳብ ግን በዚያ ልክ አያብጥምና ይሰነጠቃል። ስንጥቁ ሲሞቅ ይከፈታል፣ ሲቀዘቅዝ ይገጥማል። ጉድጓድ ውስጥ የጠፋው መለኪያ አቃቂ ሲደርስ «ሠራ» የሚባለውና ሁሉን ሰው የሚያጣላው ከዚህ የተነሳ ነው። ላኪው «ተበላሽቷል» ይላል፣ ተቀባዩ «ምንም አልሆነ» ይላል፤ ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ለ175 ዲግሪ ፖሊኢማይድ ከሚባለው ሙቀት ከሚችል ፕላስቲክ የተሠራ ቦርድ ያስፈልጋል።

ኤሌክትሪክ በሚያጠራቅመው ክፍል፣ በካፓሲተር ላይ አናመነታም፦ ፈሳሽ ያለበት የአሉሚኒየም ኤሌክትሮሊቲክ ጉድጓድ ውስጥ ቦታ የለውም። ኤክስ7አር የሚባለው ሴራሚክ የተረጋገጠለት እስከ 125 ዲግሪ ነው፤ ከዚያ ሲያልፍ አቅሙ እየወረደ ይሄዳል። ለጊዜና ለማጣሪያ ሰርኪዩት ሲ0ጂ የተባለውን መጠቀም ነው። ታንታለም ከሆነ ቮልቴጁን መቀነስ ግድ ነው፤ በ125 ዲግሪ ከተጻፈበት ሁለት ሦስተኛው፣ ከዚያ በላይ ደግሞ አምራቹ በሰጠው ሰንጠረዥ። በፕላስቲክ ቺፕ ውስጥ የወርቅ ሽቦ ከአሉሚኒየም ጋር የተያያዘበት ቦታም አለ፤ ከ150 ዲግሪ በላይ ሲቆይ ሁለቱ ብረቶች ተዋህደው ወይን ጠጅ የሚመስል ተሰባሪ ነገር ይፈጥራሉ፣ ከሥሩም ባዶ ቀዳዳ ይከፈታል። ይህን ማንም ጠጋኝ ሊጠግነው አይችልም። ሲገዛ ብቻ ነው የሚከላከሉት፤ ሴራሚክ ቤት ያለውን በመምረጥ።

አንድ መለኪያ ውስጥ 50 መገጣጠሚያ አለ እንበል፤ ብየዳ፣ ሶኬት፣ ኦሪንግ፣ የሽቦ ጫፍ። እያንዳንዱ ሥራውን እንደሚጨርስ 99 በመቶ ቢታመን ጠቅላላው 99 በመቶ አይሆንም፤ 0.99 ሃምሳ ጊዜ ሲባዛ 60 በመቶ ላይ ያርፋል። ስለዚህ ሶኬት መቀነስ፣ ሁለት ቦርድ በአንድ መተካት፣ ሊነቀል የማይገባውን ሽቦ መበየድ ውድ ቺፕ ከመግዛት የበለጠ ዕድሜ ይሰጣል።

አሁን ወደ ኦሪንጉ እንምጣ፤ ከተከፈቱ መለኪያዎች ብዙዎቹ ውስጥ ውሃ ያስገባው እሱ ነውና። ሁሉም ጥቁር ነው፣ ሁሉም ክብ ነው፣ ግን አንድ አይደለም። ናይትራይል የሚባለው ጎማ ከ100 እስከ 120 ዲግሪ ይችላል። ቫይተን እስከ 200 ይሄዳል፤ ነገር ግን በጉድጓዱ ውስጥ ለዝገት መከላከያ የሚጨመሩት አሚን ያለባቸው ኬሚካሎች ያደርቁትና ይሰነጠቃል። ሃይድሮጅን ሰልፋይድ፣ አሚንና እንፋሎት ባለበት አፍላስ የሚባለው ይሻላል። ስለዚህ ከካርቶኑ የወጣ ስም የለሽ ኦሪንግ መጣያ ቅርጫት ውስጥ ነው የሚገባው። ሦስቱንም በአንድ ጣሳ ቀላቅሎ ማስቀመጥ ጋዙን በር ከፍቶ እንደማስገባት ነው።

አገጣጠሙም እንዲሁ። አሮጌውን በካቻቪቴ ጫፍ ፈልቅቆ ማውጣት መቀመጫውን ይቧጭራል፤ በጥፍር የምትሰማ ጭረት ለ350 ባር መንገድ ናት። በፕላስቲክ ወይም በእንጨት ስንጥር ይውጣ፣ መቀመጫው ክር በማይተው ጨርቅና በአልኮል ይጠረግ፣ አዲሱ ስስ ግራሶ ተቀብቶ ሳይጠመዘዝ ይግባ። አንድ ፀጉር ከሥሩ ከቀረ ሥራው ሁሉ ከንቱ ነው። ደጋፊው ቀለበት የሚገባው ግፊቱ ከሚመጣበት በተቃራኒው በኩል ነው፤ ሥራው ጎማው ወደ ክፍተቱ እንዳይጨመቅ መደገፍ ነው። በሌላው በኩል ከገባ አለ ማለት አይቻልም፤ ይህን ስህተት ደጋግመን እናያለን። ኦሪንግ በእያንዳንዱ ጉዞ ይቀየራል፤ «ገና ደህና ነው» አይባልም። የጋዝ ጉድጓድ ደግሞ የራሱ ተንኮል አለው፦ ጋዙ በግፊት ጎማው ውስጥ ይሰርጋል፤ መለኪያው በፍጥነት ሲወጣ ጋዙ በአንዴ ይለጠጥና ጎማውን ከውስጥ ያፈነዳዋል። የተከፈለ ኦሪንግ ላይ እንደ እንጀራ ዓይን የመሰለ ቀዳዳ ካዩ ምክንያቱ ይህ ነው። መፍትሔው ለዚህ የተሠራ፣ በሾር የጥንካሬ መለኪያ 90 የሚሆን ጠንካራ ጎማና ወደ ላይ ሲቃረቡ ረጋ ብሎ መሳብ ነው።

ከዚህ በታች ያለው በአምራቹ መጽሐፍ ላይ የለም፤ መጽሐፉን የሚጽፉት ሰዎች ባሕር ጠለል አጠገብ ናቸውና። አቃቂ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ያህል ነው። እዚህ የአየሩ ግፊት 1.01 ባር ሳይሆን ወደ 0.79 ባር ነው። አብሶሉት ግፊት (ከባዶ ተነስቶ የሚቆጠር ግፊት) የሚለካ መሣሪያ ጠረጴዛ ላይ 0.79 ሲያሳይ «ተሳስቷል» ብሎ ወደ 1.01 የሚያስተካክል ሰው መለኪያውን በ0.22 ባር አበላሸው፤ በውሃ ከፍታ ሲሰላ ከ2 ሜትር በላይ ማለት ነው። ካሊብሬሽኑ (የመለኪያው ልክ ማስተካከያ) ትክክል ነበር፣ ከፍታው ነው የተረሳው። ውሃም እዚህ የሚፈላው በ93 ዲግሪ ገደማ ነው። «በፈላ ውሃ በ100 ዲግሪ ፈትነነዋል» የሚል የሙከራ ወረቀት አቃቂ ላይ ከተጻፈ ሐሰት ነው።

ወቅቱም ያው ነው። በክረምት፣ በሐምሌና ነሐሴ፣ ቱቦው ተከፍቶ ካደረ እርጥቡ አየር ገብቶ ይታሸጋል። ሲሞቅ እንፋሎት፣ ሲቀዘቅዝ ጠብታ ይሆናል፤ ጠብታውም የሚያርፈው ቀዝቃዛው የብረት ግድግዳ ላይና ከዚያ ወደ ቦርዱ ነው። ከማሸግ በፊት ቦርዱን ክፍሎቹ በሚችሉት ሙቀት፣ ለምሳሌ በ80 ዲግሪ ለጥቂት ሰዓታት፣ ማድረቅ፤ ከዚያ በደረቅ ናይትሮጅን አጥቦ መዝጋት፤ አዲስ የሲሊካ ጄል ከረጢት መጨመር። የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው መጋዘን በቀን ይግላል፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ይበርዳል፣ ጠዋት ላይ ካርቶኑ ውስጥ ጤዛ አለ። በበጋ ደግሞ ተቃራኒው፤ አየሩ ይደርቅና የሰው እጅ ስታቲክ ይዞ ይመጣል። የእጅ አምባር ሽቦው 1 ሜጋ ኦም ያለው፣ ከመሬት ሽቦ ጋር የተያያዘ ይሁን። ናይለን ሹራብ ለብሶ ቺፕ መንካት ይቅር፤ ስታቲክ የነካው ቺፕ ወዲያው አይሞትም፣ ቆስሎ ይቆይና ከታች ይሞታል።

ባትሪው ላይ አጥብቀን እንናገራለን፣ ሕይወት የሚያጠፋ ነውና። በመለኪያ ውስጥ የሚገባው ሊቲየም ታዮኒል ክሎራይድ የሚባለው፣ 3.6 ቮልት የሚሰጠው ነው። ሊቲየም በ180.5 ዲግሪ ይቀልጣል። ለ150 የተሠራውን ባትሪ ወደ 180 ማድረስ ፈንጂ መሥራት ነው። ለ200 የሚሆኑት ሊቲየሙን ከማግኒዚየም ጋር ያዋሃዱ ናቸው፤ እነዚህ ደግሞ በቀዝቃዛ ቦታ ከረንት መስጠት ያቅታቸዋል። ቃሊቲ ጠረጴዛ ላይ በ20 ዲግሪ ተለክቶ «አልቋል» የተባለው ባትሪ አዲስ ሊሆን ይችላል። ለረጅም ጊዜ የተቀመጠ ባትሪም ሊቲየሙ ላይ ሽፋን ይሠራና ጭነት ሲመጣ ቮልቴጁ ይወርዳል፤ አምራቹ በወሰነው ከረንትና ደቂቃ ሽፋኑን ሰብሮ መልሶ መለካት ነው። ቻርጅ አይደረግም፣ ሽቦ በቀጥታ አይበየድበትም፣ አይበሳም፣ በምድጃ ፈተና ጊዜ ከቱቦው ወጥቶ መለኪያው በውጭ ፓወር ሰፕላይ ይነዳል። ከጉድጓድ ያበጠ ቱቦ ከመጣ ማንም አይክፈተው።

በቁፋሮ ላይ ከመሰርሰሪያው አጠገብ የሚወርደው ዕቃ ከሙቀቱ ሌላ ምት አለበት፤ የመቶዎች ጂ (የመሬት ስበት መቶዎች እጥፍ) ምት የተለመደ ነው። ከባድ ክፍሎች፣ ትራንስፎርመርና ትልቅ ካፓሲተር፣ በሙጫ ይያዙ። ሲሊኮን የሚባለውን ጎማ የሚሞሉ ግን አንድ ነገር ይወቁ፦ ሲሊኮን ከ25 ወደ 175 ዲግሪ ሲሄድ ይዘቱ 13 ወይም 14 በመቶ ያብጣል። ቱቦውን እስከ አፉ ሞልቶ የዘጋ ሰው ቦርዱን ራሱ ጨምቆ ሰበረው። 15 በመቶ ያህል ባዶ ቦታ ይተው።

ከ200 ዲግሪ በላይ ለሆነ ጉድጓድስ? በአሉቶ ላንጋኖ የጂኦተርማል ጉድጓዶች ሙቀቱ ከ300 ዲግሪ ያልፋል፤ ያንን የሚችል ተራ ኤሌክትሮኒክስ የለም። ድሮ በሰዓት ስፕሪንግ የሚሠራ፣ በመርፌ ብረት ላይ የሚጭር የኩስተር መለኪያ ያወርዱ ነበር፤ ቺፕ ስለሌለው የሚሾልክበት ነገርም አልነበረውም። የዛሬው መላ መለኪያውን እንደ ፔርሙዝ ባለ ባዶ ግድግዳ ቱቦ ውስጥ ከቶ ለጥቂት ሰዓት ብቻ ማውረድ ነው። ፔርሙዙ ግን የውጭውን ሙቀት ይከለክላል እንጂ የውስጡን አያወጣም። 5 ዋት የሚበላ ቦርድ በ6 ሰዓት 108 ኪሎ ጁል ሙቀት ያመነጫል፤ ይህ ብቻውን 3 ኪሎ አሉሚኒየም በ40 ዲግሪ ያሞቃል። ስለዚህ የሚቆይበት ሰዓት ሲሰላ የቦርዱ ፍጆታም ይቆጠር።

«እኛ ጋዝ የለን፣ ምን አገባን» የሚል የአቃቂ አንባቢ ካለ ከተማው የሚጠጣውን ውሃ የሚያወጡትን ጉድጓዶች ይመልከት። ሙቀቱ ቀላል ነው፤ በሽታው ግን የዚያው ዘመድ ነው። የውሃ ከፍታ መለኪያው ኬብል ውስጥ የአየር ቱቦ አለ። ጫፉ ላይ ያለው ማድረቂያ ቀለሙን ከቀየረ እርጥበት ወደ ታች ወርዶ ቁጥሩ መንሸራተት ይጀምራል፤ ቱቦው ከታጠፈ ወይም ጫፉ በፕላስተር ከተሸፈነ ከአየሩ ግፊት ጋር አብሮ ይወዛወዛል። የፓምፑን ሞተር ፍጥነት የሚቆጣጠረው ቪኤፍዲ ደግሞ በብዙ አምራቾች ደንብ ከ1,000 ሜትር በላይ በየ100 ሜትሩ 1 በመቶ አቅሙ ይቀነሳል፤ አየሩ ስለሳሳ አያበርደውም። በአቃቂ 11 በመቶ ነው። በ400 ቮልት መስመር ላይ ረጅም ኬብል ካለ የሚመለሰው ሞገድ ሞተሩ ጫፍ ላይ ከ1,100 ቮልት በላይ ሊደርስ ይችላል፤ ማጣሪያ ካልተገጠመ የሞተሩን ሽቦ ሽፋን (ኢንሱሌሽን) ይበሳል። ሜገር (የኢንሱሌሽን መፈተሻ) ሲያነሱም አስቀድመው ሴንሰሩንና ቪኤፍዲውን ይንቀሉ፤ 1,000 ቮልት ለሞተር ምርመራ ነው፣ ለቦርድ ሞት ነው።

እንግዲህ ፈተናው እንዴት ይሁን? ውድ ቤተ ሙከራ አንጠይቅም። አየር የሚያዘዋውር፣ 200 ዲግሪ የሚደርስ ምድጃ፣ ሁለት ኬ ዓይነት ቴርሞከፕል (ሙቀት የሚለካ ሽቦ)፣ ፓወር ሰፕላይና ንባቡን የሚመዘግብ ኮምፒውተር ይበቃል። የዳቦ ምድጃ አይሆንም፤ ቴርሞስታቱ በብዙ ዲግሪ ይዋዥቃል። አንዱ ቴርሞከፕል ከአየሩ፣ ሌላው ከመለኪያው ገላ ጋር ይያያዝ፤ የሚቆጠረው የገላው ነው። ባትሪ ከወጣ በኋላ በ22 ዲግሪ የሚበላውን ከረንትና የግፊት ንባቡን ይጻፉ። በደቂቃ ከ3 ዲግሪ ባልበለጠ ፍጥነት ወደ ላይ፣ በ100 ላይ አንድ ሰዓት፣ ከዚያ ጉድጓዱ ከሚጠበቅበት ሙቀት 10 ዲግሪ ጨምረው፣ ግን ከተጻፈበት ሳያልፉ፣ 48 ሰዓት ያቆዩት፤ ሁልጊዜ እየሠራ፣ ሁልጊዜ እየተመዘገበ። በዚያ ሙቀት የሚበላው ከረንት መጀመሪያ ከፍ ይላል፤ ከዚያ መርጋት አለበት። ሳይረጋ ሰዓት በሰዓት የሚጨምር ከሆነ አንድ ክፍል እየሞተ ነው። ትኩስ እንዳለ በፕላስቲክ መዶሻ በቀስታ ይምቱት፤ ንባቡ ከዘለለ የተሰነጠቀ ብየዳ ወይም ቀዳዳ አለ። ይህ ተራ መዶሻ ከብዙ ውድ መሣሪያ የበለጠ ይይዛል። ከዚያ ቀስ ብሎ ይቀዝቅዝና 10 ጊዜ መውጣት መውረድ ይደገም፤ ስንጥቅ የሚገለጠው በመቆየት ብቻ ሳይሆን በመመላለስ ነው።

መብራት ከጠፋ? ይጠፋል። ኮምፒውተሩ ዩፒኤስ ይኑረው፤ ምድጃው የቀዘቀዘባቸው ሰዓታት ከ48ቱ አይቆጠሩ። የመብራት መጥፋቱን ደብቆ «48 ሰዓት» ብሎ መፈረም አይገባም፤ መዝገቡ ላይ ሙቀቱ ይታያል።

የግፊት ፈተና በዘይት ወይም በውሃ እንጂ በጋዝ አይደረግ፤ የታመቀ ጋዝ ቱቦ ቢከፈት ሰው ይገድላል። መለኪያው ከሚሠራበት ግፊት ከ1.1 እስከ 1.25 እጥፍ፣ ለ30 ደቂቃ፣ ሰው ከብረት ግድግዳ ጀርባ ሆኖ። ግፊቱ በዝግታ ከወረደ በኋላ ይከፈትና በውስጡ ነጭ ወረቀት ይደረግ፤ ወረቀቱ ላይ ጠብታ ካለ ኦሪንጉን ከመውቀስ በፊት መቀመጫውን በማጉያ መነጽር ይዩ።

የጨረታ ሰነድ ለሚያዘጋጁ ደግሞ የምንለምነው ይኸው ነው። «175 ዲግሪ የሚችል» ብላችሁ አትጻፉ። በ175 ዲግሪ እየለካ ስንት ሰዓት፣ ስንት ጊዜ ተመላልሶ፣ በምን ያህል ስህተት ብላችሁ ጠይቁ። የካሊብሬሽን ወረቀቱ በክፍል ሙቀት ብቻ የተሠራ ከሆነ አትቀበሉ፤ ቢያንስ በአራት የሙቀት ደረጃ፣ በእያንዳንዱም ግፊቱ ሲወጣና ሲወርድ የተለካ ይሁን። የቦርዱ ዓይነት፣ የሶልደሩ ዓይነት፣ የኦሪንጉ ጎማና የባትሪው ሙቀት በስም ይጻፉ። ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የሚጠበቅበት ጉድጓድ ከሆነ የቱቦው ብረት ለዚህ የወጣውን ዓለም አቀፍ ደረጃ አይኤስኦ 15156ን ያሟላ ይባል። ለእያንዳንዱ መለኪያ ለ10 ጉዞ የሚበቃ ኦሪንግና ደጋፊ ቀለበት አብሮ ይገዛ፤ ይህ ስለሚረሳ ነው ጠጋኙ ከሱቅ የማይታወቅ ጎማ የሚለቅመው። ከሁሉ ርካሹን የሚያሸንፍ ጨረታ እነዚህን ካልጠየቀ የሚገዛው ለጠረጴዛ የሚሆን መለኪያ ነው።

አንድ ትንሽ ዕቃም አለች፤ ሙቀቱ ሲደርስ ቀለሟ ተለውጦ የማይመለስ የሙቀት ምልክት ወረቀት። ዋጋዋ ከመለኪያው ጋር አይወዳደርም። ቱቦው ውስጥ፣ ቦርዱ ላይ ትለጠፍና መለኪያው ያየውን ከፍተኛ ሙቀት ትይዛለች። «150 አላለፈም» የሚል ሪፖርት ይዞ የመጣ መለኪያ ውስጥ የ175 ሳጥኗ ጠቁሮ ከተገኘ ክርክሩ እዚያው ያልቃል። ከጅቡቲ በሚመጣው ካርቶን ላይም በየሳጥኑ የእርጥበት ካርድና ይህችው ምልክት ትለጠፍ፤ ርክክቡም ካርዱ ተነቦ፣ ፎቶ ተነስቶ፣ በሁለቱም ወገን ተፈርሞ ይሁን።

ከአክብሮት ጋር

የጉድጓድ መለኪያና የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ባለሙያዎች
አቃቂ ቃሊቲ፣ አዲስ አበባ